ቴሌስኮፕ ገዝታችሁ (ወይ ተልኮላችሁ) ምንም አልታይ ካላችሁ፦ ጎንደር ላይ አገጣጠሙና አጠቃቀሙ ከሀ እስከ ፐ

በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ አይነት ነው፦ "ዘመድ ከውጭ ቴሌስኮፕ ላከልኝ፣ ገጣጠምኩት፣ ግን የሚታየኝ ጥቁር ነገር ብቻ ነው፣ ተበላሽቶ ይሆን?" አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰው ካርቶኑን ማታ ጨለማ ውስጥ ይከፍታል፣ አጉልቶ ያሳየኛል ብሎ ትንሽ ቁጥር ያለውን አይፒስ (አይን የሚጠጋባትን ትንሿን ሌንስ) ይሰካል፣ ፋይንደሩን (ላዩ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ) ሳያስተካክል ሰማይ ለሰማይ ይፈልጋል፣ እንደዛ ተደርጎ ደግሞ ጨረቃን ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ በቀን የሚሰራውንና በማታ የሚሰራውን ለይቼ፣ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያስፈልግ እየነገርኳችሁ እሄዳለሁ። በምሳሌነት የምጠቀመው ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለውን 70/700 የሚባለውን ነው (የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ የፎከስ ርዝመቱ፣ ማለትም ብርሃኑ ከሌንሱ ተነስቶ እስኪሰበሰብ ያለው ርቀት፣ 700 ሚሊ ሜትር)። የናንተ 76/700 ወይ 114/900 ቢሆንም ስሌቱ ያው ነው፣ ቁጥሩ ቱቦው ላይ ወይ ፎከስ ማድረጊያው አካባቢ ተጽፏል።

ከሁሉም በፊት፦ ፀሐይ

ልጆች ቤት ካሉ ይሄን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። በቴሌስኮፑም ሆነ ላዩ ላይ ባለችው ትንሿ ፋይንደር ፀሐይን ማየት በፍጹም አይቻልም። ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ አይን ውስጥ ስለሚጨምረው ሬቲናን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቃጥላል፣ ሬቲና ደግሞ ህመም አይሰማውም፣ ስለዚህ ሰውየው እየተቃጠለ መሆኑን ሳያውቅ ነው እይታውን የሚያጣው፣ የጠፋው ላይመለስ ይችላል።

አንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፕ ውስጥ "ሰን" የተባለች፣ አይፒሱ ጫፍ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር መስታወት ትመጣለች። እሷን ዛሬውኑ ሰብራችሁ ጣሏት። የተሰበሰበው ሙቀት በሙሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ስለሆነ ድንገት ትሰነጠቃለች፣ ያኔ አይናችሁ ከኋላዋ ነው ያለው። ትክክለኛው የፀሐይ ፊልተር ብርሃኑ ከመግባቱ በፊት ከቱቦው ፊት ላይ የሚገጠም፣ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ ብቻ ነው። የኤክስሬይ ፊልም፣ ሲዲ፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት አይሆንም። ይሄን አጥብቄ የምናገረው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም (በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027) የፀሐይ ግርዶሽ ስላለ ነው። ሙሉ ግርዶሹ የሚያልፈው በግብፅና በሳዑዲ በኩል ነው፣ እኛ ጋ በከፊል ይሆናል፣ ክረምት ስለሆነ ደመና ሊሸፍነውም ይችላል፣ ግን ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ "ቴሌስኮፕ አለህ አይደል? ቴሌስኮፕ አለሽ አይደል?" እያለ መምጣቱ አይቀርም። የፊት ፊልተር ከሌላችሁ ያን ቀን ቴሌስኮፑን ቆልፉበት።

በተጨማሪ ቴሌስኮፑን ክዳኑን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ ወይ መስኮት አጠገብ አትተዉት፣ ሰው ባያይበትም መጋረጃ ሊያቃጥል ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቴሌስኮፑ ከነትራይፖዱ፣ ከነፋይንደሩ
- ሁለት አይፒስ፣ ብዙ ጊዜ 25 (ወይ 20) እና 10 የተጻፈባቸው
- ዲያጎናል (ሌንስ ላለው ቴሌስኮፕ፣ 90 ዲግሪ የታጠፈችው ቁራጭ)
- ካቻቢቴ፣ ብሎኖቹን የምታስቀምጡበት ሳህን
- ውሃ ልክ፣ ከሌለ ስልክ ላይ ያለው ይበቃል
- ስልክ ላይ የተጫነ ስቴላሪየም (የሰማይ ካርታ አፕ ነው፣ ነፃው ይበቃል፣ ቦታውን ጎንደር በሉት፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሰራል)
- ቀይ መብራት፣ ወይ በስልክ ባትሪ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠፈ ቀይ ፌስታል በፕላስተር
- በርጩማ
- ጋቢ። ለብርድ ብቻ አይደለም፣ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ
- ፋይንደራችሁ ቀይ ነጥብ የሚያበራው አይነት ከሆነ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ። ቁጥሩን ከውስጥ አይታችሁ ሰዓት ሰሪዎች ጋ ጠይቁ

በቀን የሚሰራ

1. ትራይፖዱን አቁሙ፣ ግን እግሮቹን እስከመጨረሻው አትሳቧቸው።

እግሩ በረዘመ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ 70 እጥፍ ስታጎሉ ደግሞ መንቀጥቀጡም 70 እጥፍ ይጎላል። ግማሽ ድረስ ብቻ አውጡና በርጩማ ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ቆሞ ከሚያይ ሰው የበለጠ ይታየዋል፣ ምክንያቱም ራሱም አይወዛወዝም። የመሃሉን ትሪ አጥብቁት፣ እግሮቹን የሚይዛቸው እሱ ነው። ትራይፖዱ ቀላል ከሆነ ከመሃሉ ድንጋይ ወይ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በፌስታል አንጠልጥሉበት። የምታስቀምጡት መሬት ላይ ይሁን፣ የፎቅ ሰገነት ላይ ሰው በተራመደ ቁጥር ምስሉ ይዘላል።

2. ቱቦውን ጫኑ።

አንድ ሰው ይያዝላችሁ፣ ብሎኑ በደንብ እስኪጠብቅ አትልቀቁት። የፊቱን ሌንስ ለማጽዳትም ሆነ ለማየት ብላችሁ አትፍቱት፣ ፋብሪካ ላይ ተስተካክሎ የታሰረ ነው፣ አንዴ ከተፈታ እንደነበረ መመለስ ይከብዳል።

እዚህ ጋ ክዳኑን ልብ በሉ። ብዙ ቴሌስኮፖች የፊት ክዳናቸው መሃል ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አለ። ብዙ ሰው ትንሿን ብቻ ነቅሎ "ተከፈተ" ብሎ ያያል፣ ከዛ ጨለማ ነው ይላል። ትልቁ ክዳን በሙሉ ነው መውጣት ያለበት። ትንሿ ቀዳዳ የምትጠቅመው ለሙሉ ጨረቃ ብቻ ነው፣ ብርሃኗ ሲበዛባችሁ ለመቀነስ።

3. ዲያጎናሉን፣ ከዛ 25 የተጻፈበትን አይፒስ ስኩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ከጥያቄዎቹ ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። የማጉላት ስሌቱ ቀላል ነው፦ የቴሌስኮፑን የፎከስ ርዝመት በአይፒሱ ቁጥር ታካፍላላችሁ። 700 ሲካፈል ለ25፣ 28 እጥፍ። 700 ሲካፈል ለ10፣ 70 እጥፍ። ማለትም ቁጥሩ ትንሽ የሆነው አይፒስ ነው አጉሊው። ታዲያ ለምን በእሱ አንጀምርም? አንደኛ፣ አጉልቶ ሲያሳይ የሚያሳየው የሰማይ ቁራጭ በጣም ይጠባል፣ በጠበበ ቁራጭ ውስጥ ኮከብ መፈለግ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ያው የተሰበሰበው ብርሃን ሰፋ ባለ ምስል ላይ ስለሚበተን ይደበዝዛል፣ ከ28 ወደ 70 ስትሄዱ ምስሉ ከ6 እጥፍ በላይ ይጨልማል። ሦስተኛ፣ ፎከሱም ለስህተት ቦታ አይሰጥም፣ ትንሽ ከሳተ ምንም አይታይም። ሁልጊዜ በትልቁ ቁጥር አግኙ፣ መሃል አድርጉ፣ ፎከስ አድርጉ፣ ከዛ ብቻ ወደ ትንሹ ቁጥር ቀይሩ። ሁልጊዜ!

ካርቶኑ ላይ "525 እጥፍ" የሚል ካያችሁ የመጣው እንዲህ ነው፦ 4 ቁጥር አይፒስ 175 እጥፍ ይሰጣል፣ ላዩ ላይ 3 እጥፍ የሚያደርግ ባርሎው (ከአይፒሱ በፊት የምትሰካ ተጨማሪ ሌንስ) ሲጨመር 525። ስሌቱ ልክ ነው፣ ምስሉ ግን ከጭጋግ በቀር ምንም የለውም። የሚጠቅመው ከፍተኛው ማጉላት በግምት የሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲባዛ በ2 ነው። ለ70 ሚሊ ሜትር 140 እጥፍ አካባቢ ማለት ነው፣ እሱም አየሩ የተረጋጋ ማታ። ባርሎዋን መጀመሪያ ላይ ካርቶን ውስጥ ተዋት፣ ለጊዜው አታስፈልግም።

4. ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ ማድረግ ተለማመዱ።

ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ነገር ምረጡ። ጎንደር ለዚህ የተመቸች ናት፣ ዙሪያዋን ተራራ ነው፣ ከብዙ ሰፈር ጎሃ ላይ ያለው ዛፍ ወይ የኔትወርክ ታወር ይታያል፣ ካልሆነ የፋሲል ግምብ ማማ ጫፍ። ማዞሪያዋን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ሰው ሁለት ዙር አዙሮ "አይሰራም" ይላል፣ ትክክለኛው ቦታ ግን ገና አስር ዙር ወዲያ ሊሆን ይችላል። በቀን ጥርት ያለበትን ቦታ ካገኛችሁ የፎከስ ማድረጊያው ትንሽ ቱቦ ምን ያህል እንደወጣ እዩና በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፣ ማታ ከዛው አካባቢ ትጀምራላችሁ።

ምስሉ ተገልብጦ ወይ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ከታያችሁ አልተበላሸም፣ የቴሌስኮፕ አሰራር ነው። ለሰማይ ምንም ለውጥ የለውም፣ ሰማይ ላይ ላይና ታች የለም።

ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ ያለ ዲያጎናሉ ብዙ ጊዜ ፎከሱ ላይ አይደርስም፣ ምክንያቱም የዲያጎናሉ ርዝመት ተቆጥሮ ነው የተሰራው። መስታወት ያለው (አይፒሱ ከጎን ወደ ላይ ያለው) ደግሞ ዲያጎናል አያስፈልገውም፣ ከሰካችሁበት እንዲያውም ፎከስ እምቢ ይላል።

5. ፋይንደሩን ከቴሌስኮፑ ጋር አስማሙ።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ። ያልተስተካከለ ፋይንደር ካለመኖሩ ይብሳል፣ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚመራችሁ።

ሀ. ያንኑ ሩቅ ነገር በ25 ቁጥር አይፒስ ፈልጉና መሃል ላይ አድርጉት፣ ለምሳሌ የታወሩን ጫፍ።
ለ. ማውንቱን (ቱቦውን ትራይፖዱ ላይ ይዞ የሚያዞረውን ክፍል) አጥብቁ፣ ተመልሳችሁ በአይፒሱ እዩ፣ ሲጠብቅ ሸርተት ብሎ ሊሆን ይችላል።
ሐ. አሁን ቴሌስኮፑን ሳትነኩ በፋይንደሩ እዩ። መስቀሉ ወይ ቀይ ነጥቡ ታወሩ ላይ የለም አይደል? የፋይንደሩን ትንንሽ ብሎኖች እያዞራችሁ እዛው ጫፍ ላይ አምጡት። አንዱን ስታጠብቁ ተቃራኒውን ማላላት አለባችሁ፣ አለበለዚያ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።
መ. 10 ቁጥር አይፒስ ቀይራችሁ ድገሙት፣ አሁን የበለጠ ትክክል ይሆናል።

ለምን ሩቅ ነገር? ፋይንደሩ ከቱቦው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው፣ የጎረቤት ግንብ ላይ ብታስተካክሉት ሁለቱ መስመሮች እዛች ግንብ ላይ ይገናኙና ከዛ ወዲያ ይለያያሉ፣ ሰማይ ላይ ስትደርሱ ሌላ ቦታ ነው። ቀይ ነጥቡን ስትጨርሱ ማጥፋት አትርሱ፣ አድሮ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

6. ኢኳቶሪያል ማውንት ላላችሁ ብቻ (ከባድ ብረት ክብደት ተንጠልጥሎበት፣ ሁለት አክሲስ ወይም መሽከርከሪያ ዘንግ ተጋድሞ ያለው)። ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚሄድ ማውንት ያላችሁ ወደ 7 እለፉ።

ይሄ ማውንት የሚሰራው አንደኛው አክሲሱ ከምድር መሽከርከሪያ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው፣ ያኔ ኮከቡን ለመከተል አንዷን ማዞሪያ ብቻ ማዞር ይበቃል። ጎንደር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ናት፣ ስለዚህ የዲግሪ ስኬሉን 12 እና 13 መሃል አድርጉት፣ አክሲሱን በኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙሩት። ፖላሪስ የሚባለው የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ከአድማሱ ወደ 12 ወይ 13 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነሳው፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ የጭብጣችሁ ወርድ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከዛ ትንሽ ከፍ ማለት ነው። ሰሜን በኩል ተራራ ወይ ቤት ከጋረዳችሁ ላታዩት ትችላላችሁ፣ አትጨነቁ፣ ለማየት ያህል ኮምፓስ ይበቃል።

ችግሩ ብዙዎቹ ማውንቶች የተሰሩት አውሮፓና አሜሪካን አስበው ስለሆነ አንዳንዱ ከ20 ዲግሪ በታች አይወርድም። መላው፣ ወደ ሰሜን ያለውን የትራይፖድ እግር ጥቂት ማሳጠር ነው፣ ሁሉም ነገር ወደ ሰሜን ያዘነብልና የጎደለችውን ዲግሪ ያሟላል። ካዘነበለ በኋላ ሁለቱን የቀሩትን እግሮች ገፋ አድርጋችሁ መውደቅ አለመውደቁን አረጋግጡ። ክብደቱንም አመጣጥኑ፦ ብሎኑን አላልታችሁ ቱቦው ወደ የትም ካልሄደ ተመጣጥኗል ማለት ነው። ካልተመጣጠነ ማዞሪያዋ ትጨናነቃለች፣ ጥርሷም ይበላል።

ማታ የሚሰራ

7. ቦታና ጊዜ ምረጡ።

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ሰማዩ የደመና ነው፣ ቴሌስኮፑን አሳርፉት። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አቧራና ጭጋግ ስላለ ደብዘዝ ይላል፣ ጨረቃና ፕላኔት ግን ይታያል።

ፒያሳና የፋሲል ግቢ አካባቢ መብራት ብዙ ነው፣ ለጨረቃና ለፕላኔት ምንም አይደለም፣ እነሱ ከመንገድ መብራት ስርም ይታያሉ። ደብዛዛ ነገር ለማየት ግን ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ይሻላል፣ ደቡብ በኩል ወደ ደምቢያ ሜዳ ክፍት የሆነ ግቢ ካገኛችሁማ ምን ፈለጋችሁ። መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ ከተማ ውስጥም ቢሆን ውጡ፣ የሰማዩ ልዩነት በአይን ይታወቃል። የጎረቤት አምፖል ካስቸገራችሁ ጋቢውን ራሳችሁንና አይፒሱን ጨምራችሁ ተከናነቡት። ይሄን ቀላል ነገር አትናቁ፣ ከጎን የሚገባው ብርሃን ሲጠፋ እስካሁን ያልነበረ ኮከብ ብቅ ይላል።

በመስኮት በኩል አትዩ፣ መስታወቱ ምስሉን ያበላሻል፣ መስኮቱን ብትከፍቱትም ከክፍሉ የሚወጣው ሙቅ አየር ያርገበግበዋል። በቆርቆሮ ጣራ አናት ላይም አሻግራችሁ አትዩ፣ ቀን የጋለ ቆርቆሮ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ እንደ ጋለ ምጣድ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል።

ሌላው፣ ጎረቤት ንገሩ። በጨለማ ረጅም ቱቦ ይዞ የሚንጎራደድ ሰው ሁሉንም ያስደነግጣል። ወደ ሰው ቤት፣ ወደ ካምፕ፣ ወደ ኬላ አታዙሩት። የሰዓት እላፊ ካለ ከግቢያችሁ አትውጡ። አረንጓዴ ሌዘር ደግሞ ኮከብ ለመጠቆም ብላችሁ አታብሩ፣ አዘዞ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ አብራሪ አይን ውስጥ መግባት ቀልድ አይደለም።

8. ቴሌስኮፑን ቀድማችሁ አውጡት፣ አይናችሁንም አስለምዱ።

ከማየታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ውጭ አስቀምጡት፣ ትልቅ መስታወት ያለው ከሆነ አንድ ሰዓት። ቤት ውስጥ የሞቀ ቱቦ ውጭ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚናወጥ ምስሉ ይዋኛል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የጎንደር ማታ ቀዝቃዛ ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አይንም ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዴ ስልክ ከፍታችሁ ነጭ ብርሃን ካያችሁ እንደገና ከዜሮ ነው። ቀይ መብራቱ ለዚህ ነው፣ ቀይ ብርሃን የለመደውን አይን ብዙም አይረብሽም። ስቴላሪየም ላይም ቀይ የማታ ሁነታ አለው፣ አብሩት።

9. በጨረቃ ጀምሩ።

በቀላሉ ትገኛለች፣ ፋይንደሩ ማታም ልክ መሆኑን ትፈትሹባታላችሁ። ግን ሙሉ ጨረቃ አትጠብቁ! ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ የለም፣ ጠፍጣፋ ነጭ ሰሃን ነው የምትሆነው። ከወጣች ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያለውን ያዙ። ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበትን መስመር ተከተሉ፣ እዛ ጋ ፀሐይ ገና እየወጣች ስለሆነ የጉድጓዶቹ ግድግዳ ረጅም ጥላ ይጥላል። በ5ኛው ወይ በ6ኛው ቀን ቴዎፍሎስ የሚባለው ጉድጓድ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ተሰልፎ ይታያል፣ መሃሉ ላይ ተራራ አለው። ከግማሽ ጨረቃ ሁለት ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ ኮፐርኒከስ ይወጣል፣ ወርዱ 93 ኪሎ ሜትር ነው። በ28 እጥፍ ሙሉዋን እዩ፣ ከዛ ወደ 70 ቀይሩና መስመሩ ላይ ቆዩ። አይፒስ በቀየራችሁ ቁጥር ፎከሱ ይቀየራል፣ እንደገና አስተካክሉ።

10. ከዛ ወደ ፕላኔት።

የትኛው ፕላኔት የት እንዳለ ስቴላሪየም ይነግራችኋል። ፋይንደሩን አነጣጥሩ፣ በ25 ቁጥር አግኙ፣ ብዥ ያለ ክብ ካያችሁ ፎከስ አልሆነም፣ በጣም ትንሽ እስክትሆን አዙሩ።

ጁፒተር ላይ በ28 እጥፍም ቢሆን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች በአንድ መስመር ተደርድረው ታያላችሁ (አንዷ ከኋላ ተደብቃ ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ)። ቦታቸውን ወረቀት ላይ ሳሉና በማግስቱ እዩ፣ ተቀያይረዋል። ኢዮ የምትባለዋ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ በአንድ ምሽት ውስጥ እንኳን መንቀሳቀሷ ይያዛል። በ70 እጥፍ ደግሞ ሁለት ጠቆር ያሉ መቀነቶች ፕላኔቱ ላይ ይታያሉ፣ ትንሽ ታገሱ፣ አየሩ ሲረጋጋ ብቅ ይላሉ።

ሳተርን ቀለበቷ በ70 እጥፍ በግልጽ ይለያል። በፈረንጆቹ 2025 ላይ ጠርዙን ወደኛ ስላዞረ ቀጭን መስመር ሆኖ ነበር፣ ከዛ ወዲህ እስከ 2030ዎቹ መጀመሪያ እየተከፈተ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቀጭን መስሎ ከታያችሁ ቴሌስኮፑን አትውቀሱ። ቬነስን ገና ሳይጨልም እዩ፣ ከጨለመ ብርሃኗ ይበዛል፣ እንደ ጨረቃ ግማሽ ወይ ማጭድ ሆና ትታያለች።

ያያችሁት ነገር ከአይፒሱ እየወጣ ካስቸገረ ምድር ናት የምትዞረው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ። በ70 እጥፍ ከመሃል ተነስቶ ጠርዝ ለመድረስ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በላይ ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ መሃል ሳይሆን ገና በሚገባበት ጠርዝ ላይ አድርጉት፣ እጃችሁን አንሱ፣ መንቀጥቀጡ ይቁም፣ ሲያልፍ እዩት።

እዚህ ሀገር ጨረቃም ፕላኔቶችም ብዙ ጊዜ ከራሳችን በላይ ነው የሚያልፉት። ለምስሉ ጥሩ ነው፣ የሚያቋርጡት አየር ስስ ነው፣ ከተማችንም ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ለማውንቱ ግን መከራ ነው፣ ቱቦው ቀጥ ሲል የትራይፖዱን እግር ይመታል፣ ወደ ጎን ለማዞርም ያስቸግራል። አትታገሉት። ሁለት ሰዓት ብትጠብቁ 30 ዲግሪ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ወይ አናታችን ላይ ከመድረሱ በፊት ምስራቅ ላይ እያለ ያዙት።

11. ቀጥሎ ኮከቦችና ደብዛዛዎቹ። እዚህ 25 ቁጥሩን ብቻ ተጠቀሙ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ማታ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ከፍ ብሎ ይታያል። ከሦስቱ የተደረደሩ ኮከቦች ዝቅ ብላችሁ ብታነጣጥሩ ኔቡላው (የጋዝና የአቧራ ደመና) ግራጫ ጭጋግ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ የተጠጋጉ ኮከቦች ይዞ ይመጣል፣ በ70 እጥፍ አራት ሆነው ይለያሉ። ሰባቱ ከዋክብት ደግሞ በ28 እጥፍ አይፒሱን ሞልተው ያበራሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በሰሜን በኩል አንድሮሜዳ ጋላክሲ አለ፣ ጨረቃ በሌለችበት ማታ ፈልጉት። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ደቡብ አድማስ ላይ የደቡብ መስቀል ይቆማል፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከብ ክምችትም 30 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ይላል። አውሮፓ ያለ ሰው ከአብዛኛው ሀገር ጨርሶ አያየውም፣ እኛ ከግቢያችን እናየዋለን፣ እባካችሁ አያምልጣችሁ።

ቀለሙ ፎቶ ላይ እንዳለው አይሆንም። በደብዛዛ ብርሃን አይናችን ቀለም አይለይም፣ ካሜራ ግን ብርሃኑን ለረጅም ጊዜ ያጠራቅማል። ደብዛዛውን ነገር ቀጥታ ከማየት ትንሽ ወደ ጎኑ እዩ፣ የአይናችን ዳር ለጨለማ የበለጠ ንቁ ነው።

በብዛት የሚሰሩ ስህተቶች

- "ኮከቡ ክብ ሆኖ መሃሉ ጥቁር ነው።" ፎከስ ያልሆነ መስታወት ቴሌስኮፕ ነው፣ ጥቁሯ የትንሿ መስታወት ጥላ ናት። ነጥብ እስኪሆን አዙሩ። ጥቁሯ ከመሃል በጣም ካፈነገጠች መስታወቶቹ አልተስተካከሉም፣ ከኋላ ያሉትን ሦስት ብሎኖች አንዴ ሩብ ዙር ብቻ እያዞራችሁ፣ ኮከቡን እንደገና መሃል እያደረጋችሁ አምጧት።
- "ኮከብ አጉልቼ ነጥብ ብቻ ሆነብኝ።" ልክ ነው። ከፀሐይ ውጭ ያሉ ኮከቦች ከርቀታቸው የተነሳ በማንኛውም የቤት ቴሌስኮፕ ነጥብ ናቸው።
- ሌንሱን በሶፍት ወይ በነጠላ ጫፍ መጥረግ። አቧራ ድንጋይ ነው፣ ስትጠርጉት ይቧጭራል። የጎማ ፓምፕ ተጠቅማችሁ እፍ አድርጉበት፣ በአፍ አይሆንም፣ ምራቅ ይረጫል። ትንሽ አቧራ እይታን አይቀንስም፣ ተዉት። መስታወቱንማ ጨርሶ አትንኩት፣ ላዩ ላይ ያለው አሉሚኒየም በጣም ስስ ነው።
- በስልክ ፎቶ ለማንሳት ስልኩን በእጅ መያዝ። መያዣ ከሌላችሁ ሁለት ክርናችሁን ጉልበት ላይ አድርጉ፣ ጨረቃዋን ስክሪኑ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱ፣ በ3 ሰከንድ ታይመር አንሱ፣ ጣታችሁ ሲነካው እንዳያንቀጠቅጠው።
- ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ማስቀመጥ። ጭሱ ሌንሱ ላይ ቅባት ሆኖ ይቀራል። ስትመለሱ ጤዛ ካለበት ክዳኑን ሳትዘጉ ቤት ውስጥ ይድረቅ፣ ከዛ ዝጉት። ለክረምቱ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሰብስባችሁ ከአይፒሶቹ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ጨምሩ፣ አለበለዚያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታ ከበላው ደግሞ ሽፋኑ አይመለስም።